«ጉድ አት» ወይስ «ጉድ ኢን»? ከእንግሊዝኛ ቅጽል ቀጥሎ የትኛው መስተዋድድ ይግባ?

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ከአያቷ ጋር በስልክ ስታወራ ቆይታ ወደ እኔ መጣች። «አባዬ፣ አያቴ ጸለየችብኝ» አለችኝ። ክው አልኩ። እናቴ በሰው ላይ፣ ያውም በልጅ ልጇ ላይ የምትጸልይ ሴት አይደለችም። ለካ «ጸለየችልኝ» ማለቷ ነው።

ሳቅሁባት። አልወደደችውም። «አንተስ ለቲቸሬ ‹ሺ ኢዝ ጉድ ኢን ሪዲንግ› ብለሃት የለ? ‹አት› ነው የሚባለው!» ብላ አፌን አስያዘችኝ።

እሷ የተወለደችው እዚህ አሜሪካ ነው። እኔ እንግሊዝኛን የተማርኩት አገር ቤት፣ ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። ጥፋታችን ግን አንድ ዓይነት ነው።

አማርኛ በአንዲት ፊደል ሰው ያስራል፣ በአንዲት ፊደል ሰው ያስፈታል። «መሰከረለት» እና «መሰከረበት»ን እስቲ አስቧቸው። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት»ንም ጨምሩ። የመጀመሪያው ሰውዬ ቤቱ ይገባል፣ ሁለተኛው ወህኒ ይወርዳል። ይሄንን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም። እንግሊዝኛም ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ብቻ ትንሿን ነገር ግሱ ላይ አይለጥፋትም፤ ከቅጽሉ በኋላ ለብቻዋ ያስቀምጣታል። አት፣ ኢን፣ ኦፍ፣ ዊዝ፣ ፎር፣ ቱ፣ ኦን፣ ፍሮም፣ አባውት። አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት እነዚህ ዘጠኙ ናቸው።

ከዘጠኙ መሃል እንዴት እንደምመርጥ ልንገራችሁ። እንግሊዝኛውን በኛ ፊደል ስለምጽፈው አንዳንዱ ቢወላገድባችሁ ታገሱኝ። «ጉድ» ስልም የነሱን «ጥሩ» ማለቴ ነው። የኛው ጉድ ለብቻው አለ።

«በ»ን አትመኑት

የብዙዎቻችን ስህተት ምንጩ አንድ ነው። በአማርኛ እናስባለን፣ ከዚያ መስተዋድዷን ነጥለን እንተረጉማለን። «በ» ካለ «ኢን» ወይም «ባይ»። «ከ…ጋር» ካለ «ዊዝ»። «በ…ላይ» ካለ «ኦን»። ችግሩ የኛ «በ» ብቻዋን የመንደር ሥራ የምትሠራ መሆኗ ነው።

በሂሳብ ጎበዝ የሆነ ልጅ «ጉድ አት ማዝ» ነው። በልጇ የምትኮራ እናት «ፕራውድ ኦፍ ኸር ሰን»። በውቅር አብያተ ክርስቲያናቷ የታወቀችው ላሊበላ «ፌመስ ፎር»። በደመወዙ የረካ ሠራተኛ «ሳቲስፋይድ ዊዝ»። በመጽሐፉ የተመሰጠ ተማሪ «አብዞርብድ ኢን»። በወላጆቹ ላይ ጥገኛ የሆነ ጎረምሳ «ዲፔንደንት ኦን»። ስድስት ጊዜ «በ» አልን፤ እንግሊዝኛው ስድስት የተለያየ ቃል አወጣ።

እንግሊዝኛውም ቢሆን ከራሱ ጋር አይስማማም። ጥገኛው «ዲፔንደንት ኦን» ነው፤ ከጥገኝነት የወጣው ግን «ኢንዲፔንደንት ኦፍ» ይሆናል። ስለ አገር ነጻነት ሲወራ ደግሞ «ፍሮም» ሲባል ትሰማላችሁ፤ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1963 «ኢንዲፔንደንት ፍሮም ብሪቴን» ሆነች እንደሚሉት። ለምን ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ሁሌም አለ። ቃላቱ ከላቲን፣ ከፈረንሳይኛና ከድሮው እንግሊዝኛ በየዘመናቸው ገብተው እያንዳንዱ የራሱን ባልንጀራ ይዞ ቀረ። ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ሁሉም ወጥመድ ነው ማለቴ ግን አይደለም። «ከ» ብቻዋን ስትሆን ታማኝ ናት፦ «ዲፈረንት ፍሮም»፣ «ፋር ፍሮም»፣ «ሴፍ ፍሮም»። «ለ»ም ብዙ ጊዜ አታሳፍርም፦ «ሬዲ ፎር»፣ «ዩስፉል ፎር»፣ ለሰው ደግ ሲሆን «ካይንድ ቱ»። «ስለ» እና «አባውት» እንደ እህትማማች ናቸው፦ «ወሪድ አባውት»፣ «ኪዩሪየስ አባውት»። መጠርጠር ያለባቸው «በ» እና «ከ…ጋር» ናቸው።

እኔ መስተዋድዷን ለብቻ መተርጎም ካቆምኩ ቆየሁ። ቅጽሉንና መስተዋድዱን አንድ ላይ አስሬ ለሁለቱም አንድ የአማርኛ ግስ እፈልጋለሁ። እንግሊዝኛ መስተዋድድ በቀየረ ቁጥር አማርኛ ብዙ ጊዜ ግሱን ራሱን ይቀይራላ። ይሄን ያስተማረኝ «ጉድ» ነው።

አራቱ «ጉድ»

የሕፃናት ወይም የአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ የሚፈልግ ዘመድ የሌለው ሰው ስንት ነው? በአሜሪካም በዓረብ አገርም የኛ ሰው በብዛት የሚገባበት ሥራ ነው። አሠሪዋ ስለ ራስሽ ንገሪኝ ስትል «ከልጆች ጋር ጥሩ ነኝ» ማለት ይመጣል። እዚህ ላይ አራት ምርጫ አለ።

«ጉድ ፎር ችልድረን» ካላችሁ አትክልት ሆናችሁ ማለት ነው። «ጉድ ፎር» በአማርኛ «ይጠቅማል፣ ይስማማል» ነው። ወተት ለልጆች «ጉድ ፎር» ነው። ካሮትም እንደዚያው። ትኬትና ኩፖን ላይ ሲጻፍ ደግሞ «ያገለግላል» ይሆናል፤ «ጉድ ፎር 30 ዴይስ» ማለት ለ30 ቀን ያገለግላል ነው። ሰው ግን ለልጅ «ጉድ ፎር» ሲባል የሚበላ ያስመስለዋል።

«ጉድ አት ችልድረን» ካላችሁ ደግሞ ልጆቹን እንደ ቼዝ የምትጫወቱባቸው ይመስላል። «ጉድ አት» ማለት «ይችላል፣ ጎበዝ ነው» ነው። ከኋላው ሙያ፣ ጨዋታ፣ የትምህርት ዓይነት ወይም ሥራ ይፈልጋል። «ጉድ አት ኩኪንግ»፣ «ጉድ አት ቼዝ»።

«ጉድ ቱ ችልድረን» ሰዋስውም ትርጉምም አለው። ለልጆች ደግ ነኝ፣ አልመታም፣ አልቆጣም እንደማለት ነው። ደስ ይላል። አሠሪዋ ግን የጠየቀችው ስለ ደግነት አልነበረም።

የምትፈልጉት «ጉድ ዊዝ ችልድረን» ነው። አያያዙን አውቅበታለሁ ማለት ነው። ልጅ፣ አረጋዊ፣ ውሻ፣ ገንዘብ፣ ቁጥር፣ እጅ፤ ሁሉም ከ«ዊዝ» ጋር ይሄዳል። «ጉድ ዊዝ መኒ» ገንዘብ አያያዝ ያውቃል። «ጉድ ዊዝ ሂዝ ሀንድስ» እጁ ሥራ ያውቃል፣ ባለሙያ ነው።

አያችሁ? ይጠቅማል፣ ይችላል፣ ደግ ነው፣ አያያዝ ያውቃል። በአማርኛ አራት የተለያየ አነጋገር ነው። በእንግሊዝኛ አንድ «ጉድ» እና አራት ጭራ።

ስለ «ጉድ ኢን» ለልጄ ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ። አሜሪካኖች ስለ ትምህርት ዓይነት ሲያወሩ «ጉድ ኢን ማዝ» ሲሉ ይሰማል። ስለዚህ ንባብም የትምህርት ዓይነት ነው ብዬ መከራከር እችል ነበር። አልተከራከርኩም። ለፈተናም ለጽሑፍም «አት» አያስጠይቅም። «ጉድ ኢን» ያለ ክርክር የሚገባው ስለ ሁኔታ ሲወራ ነው፤ «ጉድ ኢን አን ኢመርጀንሲ» ሲባል በጭንቅ ሰዓት የሚሆን ሰው ማለት ነው።

ሌላም አለ። «ኢትስ ጉድ ኦፍ ዩ ቱ ካም»። በመምጣትህ ደግነትህን አሳየህ እንደማለት። «ናይስ ኦፍ ዩ»፣ «ካይንድ ኦፍ ዩ» እንደዚሁ ናቸው። ሰው ውለታ ሲውልላችሁ «ኦፍ» በሉ።

ደከመኝ ወይስ ሰለቸኝ?

አሜሪካ እንደመጣሁ የዕቃ ማከማቻ ውስጥ ሌሊት እሠራ ነበር። አንድ ንጋት ላይ አለቃዬ ፊቴን አይቶ ምን ሆንክ አለኝ። «አይ አም ታይርድ ኦፍ ዘ ወርክ» አልኩት። ሥራው አድክሞኛል ማለቴ ነበር። ሰውየው ጸጥ ብሎ አየኝና ሥራውን መልቀቅ ትፈልጋለህ ወይ አለኝ።

«ታይርድ ፍሮም» ማለት ደከመኝ ነው። ጉልበት ነው ያለቀው፣ ተኝቶ ይነጋል። «ታይርድ ኦፍ» ማለት ሰለቸኝ ነው። ይሄ በእንቅልፍ አይለቅም። የሁለት ፊደል ነገር ደመወዜን ሊያሳጣኝ ነበር። አማርኛ እዚህ ላይ እንዴት ጠንቃቃ እንደሆነ ልብ በሉ። ደከመኝ ያለን ሰው ሰለቸኝ አለ ብሎ የሚሰማ ማንም የለም።

«ሲክ» ከዚህም ይብሳል። «ሲክ ዊዝ ዘ ፍሉ» ጉንፋን ይዞኛል ነው። «ሲክ ኦፍ ዘ ፍሉ» ጉንፋኑ አንገፍግፎኛል ነው። ሐኪም ፊት ሁለተኛውን ብትሉ እንኳ ይገባዋል፤ ጉንፋንን ማን ይወዳል? «አይ አም ሲክ ኦፍ ማይ ኸስባንድ» ያለች ሴት ግን ከባሏ ተጋባብኝ ማለቷ ከሆነ ቤት ታፈርሳለች። በነገራችን ላይ እንግሊዞች ስለ በሽታ ሲያወሩ «ኢል ዊዝ» ማለት ያዘወትራሉ።

«ኦፍ» የመሰልቸት ምልክት ነው ብላችሁ ሕግ እንዳታወጡ። «ፌድ አፕ» ትርጉሙ ያው አንገፈገፈኝ ነው፤ የሚሄደው ግን ከ«ዊዝ» ጋር ነው።

አዘንኩልህ፣ አዘንኩብህ

እዚህ ላይ ቋንቋችን መንገዱን አስቀድሞ ጠርጎልናል። «አዘንኩልህ» እና «አዘንኩብህ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው «አይ ፊል ሶሪ ፎር ዩ» ነው፤ የደረሰብህ ነገር አሳዘነኝ። ሁለተኛው «አይ አም ዲሳፖይንትድ ኢን ዩ» ነው፤ ካንተ ይሄን አልጠበቅሁም። «ኢን» የሰውየው ውስጥ፣ ጠባዩ ላይ ትገባለች። ለዚህ ነው አባት ለልጁ ሲናገራት የምትከብደው። «ዲሳፖይንትድ ዊዝ» ቀለል ትላለች፤ ብዙ ጊዜ ለውጤት፣ ለዕቃ፣ ለአገልግሎት ናት። የሆቴሉን ቁርስ ካልወደዳችሁት «ዊዝ» በሉ። ለቁርስ «ኢን» ሲበዛ ነው።

«ሶሪ» ራሷ ሦስት መንገድ አላት። ሰው ሲሞትበት «ሶሪ ፎር ዩር ሎስ»፤ እግዚአብሔር ያጥናችሁ ማለት ነው። ላጠፋችሁት ጥፋት «ሶሪ አባውት»፤ «ሶሪ አባውት ዘ ሚስቴክ»። ላደረጋችሁት ድርጊት ደግሞ «ሶሪ ፎር» ብላችሁ «ኢንግ» ትጨምራላችሁ፤ «ሶሪ ፎር ቢይንግ ሌት»። ጓደኛችሁን ግን «አይ አም ሶሪ ፎር ዩ» ስትሉ ድምፃችሁን ጠብቁ። በአንድ ዓይነት ቃና አይዞህ ነው፣ በሌላ ቃና ምስኪን ብሎ መናቅ ነው።

ቁጣ ላይ የኛ ሰው «አንግሪ ኦን ሂም» ይላል። «በእሱ ላይ ተናደድኩ» ስለምንል ነው። «ኦን» እዚህ የለችም። ለሰው «ዊዝ» ወይም «አት»፣ ለነገር «አባውት»። አሜሪካ ውስጥ «አንግሪ አት ሂም» በጣም የተለመደ ነው፣ እንግሊዝ ውስጥ «አንግሪ ዊዝ» ይበዛል። ሁለቱም በሁለቱም አገር ይገባል። ምክንያቱን ስትጨምሩ «ፎር» አምጡ፦ «አንግሪ ዊዝ ሂም ፎር ላይንግ»፣ ስለዋሸ ተናደድኩበት። አሜሪካኖች ለቁጣ የሚወዷት «ማድ» ደግሞ «ማድ አት» ስትሆን ተናደደ፣ «ማድ አባውት» ስትሆን ብዙ ጊዜ አበደለት፣ ወደደው ናት። «ክሬዚ አባውት» ሁልጊዜ ፍቅር ነው።

ከማን ጋር ተጋባህ?

«አይ አም ሜሪድ ዊዝ ኸር» የኛ ሰው ፊርማ ነው። ከእሷ ጋር ስለተጋባን «ዊዝ» እንላለን። ትክክሉ «ሜሪድ ቱ» ነው። የታጨም «ኢንጌጅድ ቱ» ነው። የተፋታ «ዲቮርስድ ፍሮም»፤ እዚህ «ከ» እንደ ልማዷ አላሳፈረችም።

ግን «ሜሪድ ዊዝ ቱ ችልድረን» የሚል ቅጽ ወይም የሰው ታሪክ አንብባችሁ ግራ ተጋብታችሁ ይሆናል። ከሁለት ልጆች ጋር የተጋባ ማለት አይደለም! ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነው ማለት ነው። «ዊዝ» እዚያ ቦታ «ሜሪድ»ን አትከተልም፤ ልጆቹን ነው የምታመጣው። ይሄን የተረዳ ሰው ነገሩ ገብቶታል እላለሁ።

«ሲሚላር» «አይደንቲካል»ና «ሪሌትድ»ም «ቱ» ይፈልጋሉ። ከእሷ ጋር ይመሳሰላል፣ ከእሱ ጋር ይዛመዳል እያልን በ«ዊዝ» እንስታለን። «አይደንቲካል ዊዝ» የሚሉም አሉ፤ «ሲሚላር ዊዝ» ግን የለም። በአንጻሩ «ፋሚሊየር» ሁለቱንም ይወስዳል፣ ትርጉሙን ግን ይገለብጠዋል። «አይ አም ፋሚሊየር ዊዝ ዘ ፕሌስ» ቢባል ቦታውን አውቀዋለሁ ነው። ቦታው «ፋሚሊየር ቱ ሚ» ሲሆን አዲስ አልሆነብኝም ነው። አዋቂው ከፊት ከሆነ «ዊዝ»፣ የሚታወቀው ከፊት ከሆነ «ቱ»።

ለሥራ ማመልከቻ የሚያስፈልጉት

ሲቪ ላይ በጣም የምትበዛው «ሪስፖንሲብል» ናት። «ሪስፖንሲብል ፎር» ኃላፊ ነኝ፣ «ሪስፖንሲብል ቱ» ተጠሪ ነኝ። አማርኛው ንጹሕ ልዩነት አለው፣ ተጠቀሙበት። ሂሳቡ በእጃችሁ ከሆነ «ፎር ዘ አካውንትስ»፤ ሪፖርት የምታቀርቡለት ሥራ አስኪያጅ ካለ «ቱ ዘ ማኔጀር»። ቦታ ካለዋወጣችኋቸው የአለቃችሁ አለቃ ትሆናላችሁ።

«ኮንሰርንድ አባውት» ያሳስበኛል ነው። «ኮንሰርንድ ዊዝ» ይመለከታል ነው። ሪፖርታችሁ ስለ ውሃ አቅርቦት ከሆነና «ኮንሰርንድ አባውት» ካላችሁ፣ ወረቀቱ ራሱ የተጨነቀ ይመስላል።

«ኖውን» አራት ጓደኛ አላት። ኢትዮጵያ በቡናዋ «ኖውን ፎር» ናት። የቡና መገኛ ተብላ «ኖውን አዝ»። በቅጽል ስም የሚጠራ ሰው በዚያ ስም «ኖውን ባይ»። አራተኛዋ «ኖውን ቱ» ናት፤ «ኖውን ቱ ዘ ፖሊስ» የተባለ ሰው ዝነኛ አይደለም፣ ፋይል ያለው ነው። የኛ ጸሐፊዎች «ኢትዮጵያ ኢዝ ኖውን ባይ ኮፊ» ይጽፋሉ። ተውት፣ «ፎር» ነው።

እንግዳ ጋብዛችሁ ምግብ የምታስረዱ ከሆነ ደግሞ «ሜድ»ን ያዙ። ጀበናው «ሜድ ኦፍ ክሌይ» ነው፤ ሸክላው እንደ ሸክላ ይታያል። ጠጁ «ሜድ ፍሮም ሀኒ» ነው፤ ማሩ ተለውጦ ሌላ ነገር ሆኗል። እንጀራውም ከጤፍ «ሜድ ፍሮም»። ወጡ ውስጥ የገባው በርበሬ ግን ከብዙዎቹ አንዱ ስለሆነ «ሜድ ዊዝ»። ያልተለወጠ፣ የተለወጠ፣ የገባበት። ይሄ ከሁሉም ቀላሉ ሕግ ነው፣ ብዙ ጊዜም ይሠራል።

ሁለቱም ልክ የሆኑበት

አንዳንዱ ምርጫ እንቅልፍ የሚያሳጣ አይደለም። «ዲፈረንት ፍሮም» የትም ያስኬዳል። «ዲፈረንት ቱ» እንግሊዞች ያወሩታል፣ «ዲፈረንት ዛን» አሜሪካኖች። ለፈተና «ፍሮም»ን ያዙ፣ ማንም አይቀጣችሁም። «ዛን» ግን አንድ ጥቅም አላት። «ካሰብኩት የተለየ ነው» ለማለት «ዲፈረንት ዛን አይ ኤክስፔክትድ» አጭር ነው። በ«ፍሮም» ከሄዳችሁ መሃል ላይ «ዋት» መጨመር አለባችሁ።

«ቦርድ ዊዝ» እና «ቦርድ ባይ» የቆዩት ናቸው። «ቦርድ ኦፍ» የወጣቶች ናት፤ በንግግር ሞልታለች፣ አንዳንድ መምህር ግን በቀይ ያሰምርባታል። «ኤክሳይትድ አባውት» ለጽሑፍ፣ «ኤክሳይትድ ፎር» ለወሬ። ከ«ፎር» በኋላ ሰው ከመጣ ሌላ ነው፤ «ኤክሳይትድ ፎር ዩ» ደስታህ ደስታዬ ነው ማለት ነው። «ሰርፕራይዝድ አት» እና «ሰርፕራይዝድ ባይ» ላይ ጊዜ አላጠፋም። የመጣላችሁን በሉ።

ጥርጣሬ ሲገባችሁ ማን ይዳኝ? ጓደኛን መጠየቅ ፈጣን ነው፣ ግን ጓደኛም በአማርኛ የሚያስብ ከሆነ ያው ነው። ተራ የትርጉም መዝገበ ቃላት ቅጽሉን ይሰጥና መስተዋድዱን ይረሳል፤ ለተማሪ ተብሎ የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ግን ከነጭራው ይሰጣል። ክርክር ላሞቃቸው ሰዎች የጉግል «ኤንግራም» አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ሲሆን የትኛው አባባል በመጻሕፍት ውስጥ እንደበዛ በመስመር ያሳያል። አሜሪካኖች የሚሉትን ለማወቅ «ኮካ» የሚባለው የጽሑፍ ክምችት ይሻላል። እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2019 ድረስ ከንግግር፣ ከጋዜጣ፣ ከልቦለድና ከጥናት የተሰበሰበ ከ1 ቢሊዮን በላይ ቃል አለው። እኔ መጀመሪያ መዝገበ ቃላቱን፣ ከዚያ ኮካን እከፍታለሁ። ኤንግራምን የምከፍተው ከሰው ጋር ስከራከር ብቻ ነው።

«ቱ» ስታታልል

«ቱ» ሁለት መልክ አላት። አንዳንዴ መስተዋድድ ናት፣ አንዳንዴ የግስ መነሻ ናት። እዚህ ላይ ጎበዝ ተማሪም ይወድቃል።

«አይ ዩዝድ ቱ ዌክ አፕ ኧርሊ» ማለት ድሮ በጠዋት እነሳ ነበር ነው። ዛሬ አልነሳም። «አይ አም ዩዝድ ቱ ዌኪንግ አፕ ኧርሊ» በጠዋት መነሣት ለምጃለሁ ነው። ዛሬም እነሳለሁ። «አም» ከገባች ቅጽል ሆነ፤ «ቱ»ም መስተዋድድ ሆነች፣ ስለዚህ ከኋላዋ «ኢንግ» ትፈልጋለች። ነበር እና ለምጃለሁ፤ አማርኛው ፈጽሞ አይመሳሰልም። እዚህ የሚሳሳት ሰው አማርኛውን ሳያስብ የቸኮለ ነው።

«ሹር» ደግሞ ይበልጥ ትጫወታለች። «ሂ ኢዝ ሹር ኦፍ ዊኒንግ» ቢባል እርግጠኛው እሱ ነው፤ አሸንፋለሁ ብሎ ደረቱን ነፍቷል። «ሂ ኢዝ ሹር ቱ ዊን» ቢባል እርግጠኛው ተናጋሪው ነው፤ እሱማ ማሸነፉ አይቀርም። እሱ እንዲያውም ፈርቶ ሊሆን ይችላል።

ፍርሃትም እንደዚያው ነው። «አፍሬድ ኦፍ ፎሊንግ» እንዳልወድቅ እፈራለሁ። «አፍሬድ ቱ ጃምፕ» ለመዝለል አልደፍርም። የመጀመሪያው የሚመጣብኝ ነገር ነው፣ ሁለተኛው እኔ የማደርገው። ውሻ ሲሆን ሁልጊዜ «አፍሬድ ኦፍ»። «ፍሮም» የምትሉ ካላችሁ፣ «ከውሻ እፈራለሁ» አማርኛም አይደለም።

ጆሮ ብቻውን አይበቃም

አሥር ዓመት እዚህ ኖሮ አሁንም «ፉል ዊዝ» የሚል ሰው አውቃለሁ። ሰነፍ አይደለም። ያልሰማውን ከየት ያምጣው? ፈረንጆቹ «ፉል ኦፍ» ሲሉ የሚወጣው «ፉለቭ» ነው። «ፕራውድ ኦፍ» «ፕራውደቭ»፣ «ጉድ አት» «ጉደት»። መስተዋድዷ ከቅጽሉ ጭራ ላይ ተለጥፋ ትዋጣለች። ልክ እንደ ልጄ «ልኝ» እና «ብኝ»፤ አያቷ በፍጥነት ስታወራ ለእሷ ጆሮ ሁለቱ አንድ ናቸው። ስለዚህ በጆሮ እለምደዋለሁ ብላችሁ አትጠብቁ። ተጽፎ እዩት። በምትጽፉበት ጊዜም ቅጽሉን ብቻ አትጻፉ። «ፉል ኦፍ፦ ሞልቷል»፣ «ታይርድ ኦፍ፦ ሰለቸው» እያላችሁ አንድ ላይ አስሩት። መስተዋድዶቹን በየረድፋቸው ዘርዝሮ መሸምደድ እኔም ሞክሬዋለሁ፤ ለፈተና ሳምንት ይሆናል፣ ከዚያ ይተንናል።

ጥያቄ ላይ ደግሞ መስተዋድዷ ጨርሶ ትጠፋብናለች። «በምን ጎበዝ ነህ?» ስንል «በ» ከፊት ናት። እንግሊዝኛው ግን መጨረሻ ላይ ይተዋታል፦ «ዋት አር ዩ ጉድ አት?» እኛ «ዋት አር ዩ ጉድ?» ብለን እንቆማለን። «ዋት አር ዩ አፍሬድ?»፣ «ዋት አር ዩ ኢንተረስትድ?» ሁሉም ጭራቸው የተቆረጠ ነው። አረፍተ ነገር በመስተዋድድ አያልቅም ብሎ ያስተማራችሁ መምህር ካለ ክፋት የለውም፤ ገጣሚው ጆን ድራይደን እ.ኤ.አ. በ1672 ከቀደሙት ጸሐፊዎች አንዱን በዚሁ ነቅፎ ነበር፣ ክርክሩም ከዚያ ወዲህ አልበረደም። ሰዉ ግን ሲያወራ ድራይደንን አይሰማም። ለሥራ ስትጠየቁ አሠሪዋ «ዋት አር ዩ ጉድ አት?» ነው የምትላችሁ። እናንተም በዚያችው «አት» ጀምራችሁ ያለፍርሃት መልሱላት።